ማታ ቤት ምን እንይ? ከድሬ፣ መንፈስ የሚያድሱ ፊልሞችና ዶክመንተሪዎች አፈላለግ

አንድ ነገር ላይ እንስማማ፣ ፊልም ማታ አይመረጥም። ሙሉ ቀን ሙቀቱ ሲቀቅላችሁ ውሎ፣ ደክሟችሁ፣ ሪሞት ይዛችሁ ስትቀመጡ ምታዩት ያው የመጣውን ነው፣ የመጣው ደግሞ ወይ ዜና ነው ወይ ሰው እንደ ዝንብ ሚገዳደልበት ተከታታይ ነው ወይ የኛው አልቃሻ ድራማ ነው፣ እናትየዋ በሽተኛ ባልየው ከሃዲ ምናምን፣ ከዛ ከቅድሙ ብሶባችሁ ትተኛላችሁ። ስለዚህ ዋናው ስራ ቀን ላይ ነው ሚሰራው፣ ሻይ ላይ ወይ በርጫ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስልክ ምትነካኩበት ሰዓት። ስልካችሁ ኖት ላይ አንድ ሊስት ክፈቱና ጥሩ ነገር በሰማችሁ ቁጥር ስሙን፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚታይ ጻፉ። ከማን ጋር ሚለውን እንዳትዘሉት፣ እመለስበታለሁ።

ሊስቱ ላይ ምን ይግባ? ብዙ ሰው መንፈስ ሚያድስ ሲባል ኮሜዲ ብቻ ነው ሚመስለው። ኮሜዲ ይመቸኛል፣ ግን ሳቁ ከፊልሙ ጋ አብሮ ያልቃል። «ሞቲቬሽናል» ሚባሉት ቪዲዮዎች ደግሞ፣ ከስር ሙዚቃ ለቀው «ወንድሜ አትሸነፍ» ሚሉት፣ አስር ደቂቃ ያሞቁህና በቃ፣ እኔ በበኩሌ ምንም አላገኘሁባቸውም። አንድ ፊልም ሲነገረኝ መጀመሪያ ምጠይቀው «ሰውየው ምንድን ነው ሚሰራው?» ብዬ ነው። በእጁ ሚሰራው፣ ሚማረው፣ እየተበላሸበት መልሶ ሚያስተካክለው ነገር ካለ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። አለቀ፣ መለያዬ ይቺው ናት።

ለምሳሌ «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» (2019፣ ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)። የማላዊው ልጅ የዊሊያም ካምክዋምባ እውነተኛ ታሪክ ነው። ርሃብ ገብቶ፣ ቤተሰቡ የትምህርት ቤት መክፈል አቅቶት ልጁ ከክፍል ይባረራል፣ ከዛ ላይብረሪ ውስጥ ስለ ኢነርጂ ሚያወራ መጽሐፍ ያገኝና ከቁርጥራጭ ብረት፣ ከሳይክል ዲናሞ የንፋስ ማሽን መስራት ይጀምራል። ዳይሬክት ያደረገው ቺዌቴል ኤጂዮፎር ነው፣ አባትየውንም ሆኖ ሚተውነው እሱ ነው። ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ሰዓት ይከብዳል፣ ርሃቡ ርሃብ ነው፣ ውሻ ሚወድ ልጅ ካላችሁም አስቡበት። ግን ትንሿ ማሽን ዞራ ዞራ ያቺ ሬድዮ ድምፅ ስታወጣ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ላደግን ሰዎች እሷ ቦታ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብዳል አቦ። «ኩዊን ኦፍ ካትዌ» (2016) ደግሞ ኡጋንዳ ነው፣ ካምፓላ ካትዌ ሰፈር በቆሎ ምትሸጥ ልጅ፣ ፊዮና ሙቴሲ፣ ቼዝ ስትማር፣ እናትየዋን ሉፒታ ኒዮንጎ ሆና ተጫውታዋለች። እሱ ከልጅም ከአያትም ጋር ይታያል፣ ከባድ ነገር ቢኖርም ቶሎ ያልፋል።

ህንድ ፊልም ለድሬ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም መሰለኝ፣ ግን ሊስት ውስጥ ሚገቡትን መለየት ያስፈልጋል። «ታሬ ዛሚን ፓር» (2007) ማንበብ ሚያስቸግረው ትንሽ ልጅና ችግሩን የገባው የስዕል አስተማሪ ነው፣ ታለቅሳላችሁ፣ ግን ለቅሶው ቀለል ያደርጋል፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ «ሰነፍ» እየተባለ ሚሰደብ ልጅ ካለ አባትየውን አጠገባችሁ አስቀምጡት። «ዳንጋል» (2016) ሴቶች ልጆቹን ትግል ሚያሰለጥን አባት ነው፣ እሱም እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሰረተ ነው። አባትየው አንዳንዴ ያናድዳል፣ ልጆቹን ጠይቋቸው እንጂ ያስብላል፣ እሱን ራሱ እያወራችሁ እዩት።

አሁን ጥንቃቄው። «ስሪ ኢዲየትስ» (2009) ማንኛውም የ«ፊል ጉድ»፣ ማለትም መንፈስ ያድሳሉ ሚባሉ ፊልሞች ሊስት ላይ አለ፣ እውነትም ያስቃል፣ ሶስት ሰዓት ገደማ ነው። ግን መሃሉ ላይ ራሱን ሚያጠፋ ተማሪ አለ፣ ሌላው ደግሞ ይሞክራል። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሀዘን የነካው ሰው ካለ ሳታውቁ ከፍታችሁለት ልትደነግጡ ነው። ስለዚህ ሊስት አትመኑ፣ ትሬለርም አትመኑ፣ ትሬለር ሚሰራው ቲኬት ሊሸጥ ነው። ሁለት ደቂቃ ሚፈጅ ማጣሪያ አለ፦ አይኤምዲቢ ሚባለው የፊልም መረጃ ድረገጽ ላይ ፊልሙን ስትከፍቱ ወደታች «ፓረንትስ ጋይድ» ሚል አለ፣ ግጭቱን፣ ስድቡን፣ የአልጋውን ነገር በየተራ ይዘረዝራል። «ደዝ ዘ ዶግ ዳይ» ሚባል ድረገጽም አለ፣ ስሙ ውሻው ይሞታል ወይ ነው፣ ግን ከውሻ ያለፈ ነው፣ ልጅ ይሞታል ወይ፣ ራሱን ሚያጠፋ አለ ወይ፣ እያለ ሰዎች ሞልተውበታል። መጨረሻውን ማወቅ ማትፈልጉ ከሆነ ለሌላ ሰው አስነብቡና «ይሁን አይሁን» ብቻ ይበላችሁ።

ይሄ ማጣሪያ ሌላም ጥቅም አለው። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሳሎን ድንገት ሰዎቹ መሳሳም ሲጀምሩ ሪሞቱ ሶፋ ስር ገብቶ ሁሉም ሚራወጥበትን ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ ሻይ ላፍላ ብላ ትነሳለች። ቀን ላይ አይታችሁ ቢሆን ይሄ ሁሉ የለም።

ከማን ጋር ወዳልኩት ልመለስ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ትልቁ ጣጣ ቋንቋ ነው። አንድ ሳሎን ውስጥ እማማ ኦሮምኛ ይቀናቸዋል፣ ጎረቤት ሶማልኛ፣ ልጆቹ አማርኛና የካርቱን እንግሊዝኛ፣ አጎት ደግሞ ፈረንጅ ፊልም ከሚያሳየው የአረብ ቻናል ከኤምቢሲ 2 ስር ስር አረብኛውን እያነበበ ነው ያደገው። እንግሊዝኛ ሰብታይትል ከፍታችሁ «እዩ» ካላችኋቸው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ተኝቷል። ለዚህ ሰብሰብ ያለ ቤት ንግግር ማያስፈልገው ነገር ነው ሚያዋጣው። ቻርሊ ቻፕሊንን አትናቁት፣ «ዘ ኪድ» 1921 የተሰራ ነው፣ ሰውየውና ያ ህፃን መስኮት ሰባሪና መስኮት ጠጋኝ ሆነው ሲሰሩ አስተርጓሚ ሚጠይቅ የለም። ሚስተር ቢንም ያው ነው። ለልጆች «ሾን ዘ ሺፕ» አለ፣ በጎች ናቸው፣ አንድ ቃል አይወራበትም። «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን» ሚባለው የኢራን ፊልም (1997፣ የማጂድ ማጂዲ) ንግግር አለው ግን ታሪኩ ካንድ አረፍተ ነገር አያልፍም፦ ወንድምየው የእህቱን ጫማ ይጥላል፣ ለአባት ሳይናገሩ አንዱን ጫማ ጠዋት እሷ ከሰዓት እሱ እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ከዛ ለሶስተኛ የወጣ ጫማ ሚሸለምበት ሩጫ ይመጣል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ነውር ሚባል ነገር የለበትም፣ አንድ ሰው እየተረጎመ ማንም ሊያየው ይችላል። አማርኛ ብቻ ሚፈልግ ካለ ከ2016 ጀምሮ ቃና የውጭ ተከታታይ በአማርኛ ድምፅ ያቀርባል፣ እሱ ግን ሁሉም መንፈስ ሚያድስ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙው ተንኮልና በቀል ነው። ለትናንሾቹ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እስካሁን አትሰለችም፣ ቀጭኔዋ ከ2006 ጀምራ ነው ያለችው።

የኛን አገር እንይ ካላችሁ አጭር መንገድ ልጠቁማችሁ፣ ፊልም መሆን የለበትም፣ ሩጫ ክፈቱ። የሲድኒ 2000 የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ዩቲዩብ ላይ አለ። ሃይሌና ፖል ቴርጋት የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ሲተናነቁ ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው፣ ውጤቱን እያወቅን እንኳን ሁሌ ከወንበር እንነሳለን። ሩጫው 27 ደቂቃ ነው፣ እራት እስኪቀርብ ያልቃል። ከሱ ቀጥሎ ባርሴሎና 1992፣ ደራርቱ ካሸነፈች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ይዛ ስትዞር። ሃይሌን በፊልም ከፈለጋችሁ «ኢንዱራንስ» (1999) ላይ ራሱን ሆኖ ይታያል።

የሰፈራችን ጉዳይ ደግሞ፣ ሃረር ዘመድ ያላቸው ሰዎች «ፕላኔት ኧርዝ 2» ላይ ጅቦቹ እንዳሉ ሳያውቁ ሲቀሩ ይገርመኛል። የቢቢሲ ነው፣ 2016፣ «ሲቲስ» ሚለው ክፍል፣ ዴቪድ አተንቦሮ ነው ሚተርከው። ጅቦቹ ማታ በጀጎል ጠባብ መንገድ ሲያልፉ ታያላችሁ፣ ቤተሰብ ሰብስባችሁ «ይሄ እኮ የነ እንትና በር ነው» እያላችሁ ተከራከሩ፣ ግማሹ ደስታ እሱ ነው። የመጀመሪያው «ፕላኔት ኧርዝ» (2006) ላይ ደግሞ «ማውንቴንስ» ሚለው ክፍል ውስጥ የሰሜን ተራራ ጭላዳዎች አሉ። ተፈጥሮ ዶክመንተሪ ውስጥም መባላት እንዳለ አትርሱ፣ ልጅ አጠገባችሁ ካለ አንበሳና ጎሽ ሲመጣ ወደፊት አሳልፉት።

«ፋያ ዳዪ»ን (2021) ምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ፣ ሃረር ያደገችው ጄሲካ በሺር የሰራችው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት። ውብ ነው፣ የጫቱን ገበያ፣ የወጣቱን ልብ መሄድ እንደሱ ያሳየ አላየሁም። ግን ለዚህ ሊስት አይሆንም፣ ቀስ ያለ ነው፣ ይከብዳል፣ ሌላ ቀን ብቻችሁን እዩት።

አሁን ወደ ጣጣው፣ ኔትና መብራት። ዩቲዩብ ላይ «ዲደብሊው ዶክመንተሪ» ሚባለው ቻናል ሙሉ ዶክመንተሪ በነፃ ይለቃል፣ አልጀዚራም እንደዛው፣ ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ግን ርዕሱን እዩ፣ ጦርነትና ሙስና ይበዛል፣ እደ ጥበብ፣ ምግብ፣ ባቡር፣ እርሻ ሚሉትን ነው ምትለቅሙት። ስልክ ላይ የቪዲዮው ጥራት 480 ቢሆን ይበቃል፣ ከዛ በላይ ዳታ ማቃጠል ነው። ኔትፍሊክስ ያላችሁ አፑ ሴቲንግ ውስጥ «ሴቭ ዳታ» ሚለውን ምረጡ፣ በ1 ጊጋ 6 ሰዓት ገደማ ያሳያል፣ ማክሲመም ላይ ከተዋችሁት ግን ያቺው ጊጋ 20 ደቂቃም ላትቆይ ትችላለች። ከሁሉም ሚሻለው የማታ ጥቅል ገዝቶ ዳውንሎድ አርጎ መተኛት ነው፣ በማግስቱ ኔት ቢቆራረጥ ምን አገባችሁ።

ከስልክ ወደ ቲቪ በፍላሽ ምትወስዱ ከሆነ ሶስት ነገር አለ። ፍላሹ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት «ፋት 32» ሚባለው ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» ሲላችሁ ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም፣ አነስ ያለውን ኮፒ ፈልጉ። ድምፅ እየመጣ ስዕሉ ጥቁር ከሆነ ፋይሉ ስም ላይ «ኤክስ 265» ወይ «ኤችኢቪሲ» ሚል ተጽፎ እንደሆነ እዩ፣ ቪዲዮው የታመቀበት ዓይነት ነው፣ አሮጌ ሪሲቨር እሱን አያነብም፣ «ኤክስ 264» ሚለውን ውሰዱ። ሰብታይትል አልመጣ ካለ ደግሞ የሰብታይትሉን ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ፊደል ሳይቀር አንድ አርጉትና እዛው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ይሄንን ሁሉ ቀን ላይ ሞክሩት፣ ሰው ተሰብስቦ ቡና ቀርቦ ሪሲቨሩ ፊት እንዳትንበረከኩ። ላፕቶፑንም ቻርጅ አርጉት፣ መብራት ከሄደ ቀሪውን እሱ ላይ ትጨርሱታላችሁ።