በሲንክ ዙሪያ ውሃ እንዳይተኛ፦ የዕቃ አስተጣጠብና አደራረቅ

በአራት ኪሎና በልደታ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ዕቃ ለማጠብ ቧንቧውን ከፍቶ ከመተው ይልቅ ሁለት ሳፋ ማዘጋጀት ይሻላል፤ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ለማለቅለቂያ። አስቀድሞ ግን የድስቱ ቅባት በወረቀት ይጠረግ፣ የቡናው አተላም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይደፋ፤ ሁለቱ ሲፎን (ከሲንኩ ሥር ያለው፣ ሽታ የሚያግድ ውሃ የሚይዝ ጠማማ ቧንቧ) ውስጥ ሲገናኙ ተጋግረው መውረጃውን ይዘጋሉና።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የታጠበ ዕቃ የሚደረደርበት የማንጠፍጠፊያው አቀማመጥ ነው። ከሥሩ ያለው ትሪ ወደ ሲንኩ እንዲያዘነብል፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጠርዝ ሥር እርሳስ የምታክል ቀጭን ጣውላ ማስገባት ይበቃል፤ ይህ ካልተደረገ ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ የሲንኩ ጠርዝ ሲሊኮን በለቀቀበት በኩል እየሰረገ የቺፕዉዱን ካቢኔት ያሳብጠዋል። እኔ ይህን የተረዳሁት የካቢኔቴ በር አብጦ አልገጥም ካለኝ በኋላ ነው፤ ያበጠ ቺፕዉድ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

ሰሃኖች በጠርዛቸው ቆመው፣ በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። ጀበና ሸክላ በመሆኑ ውሃ ይመጥጣልና ከሰሃኖቹ ተለይቶ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ተደፍቶ ይድረቅ። የማለቅለቂያው ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ይቀመጥ። ውሃ ለብዙ ቀናት ከጠፋ ሲፎኑ ደርቆ ሽታ እንዳያስገባ፣ ከጀሪካኑ አንድ ሁለት ብርጭቆ ወደ መውረጃው ማፍሰስ ያስፈልጋል።