ጂኑን አጥፍታችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፦ በጉበት ስብ ጥናት የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሚሠራው ጋይድ አርኤንኤው (ጂን ቆራጩን ካስ9ን ወደ ዒላማው የሚመራው ሞለኪውል) ገና ሳይታዘዝ ነው። «ጂኑ ጉበት ላይ ስብ ከመከማቸት ጋር ተያይዟል፤ እናጥፋውና ሴሉ ይሰባ እንደሆነ እንይ» ይባላል። ፒኤንፒኤልኤ3 የተባለውን ጂን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከጉበት ስብ በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) በፕሮቲኑ 148ኛ ቦታ ላይ ያለውን አይሶሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ በሜታዮኒን ይተካል እንጂ ፕሮቲኑን አያጠፋም። እንዲያውም የተለወጠው ፕሮቲን በወጉ ስለማይወገድ በስብ ጠብታዎች ላይ ይከማቻል። እዚያም ስብ አፍራሹ ኤቲጂኤል የሚፈልገውን ረዳቱን ኤቢኤችዲ5ን ይሻማዋል። ጂኑ ጨርሶ የጠፋባቸው አይጦች ጉበት አለመስባቱም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ጂኑን አጥፍቶ «ስብ አልጨመረም፤ ጂኑ ሚና የለውም» ማለት ሌላ ጥያቄ መልሶ የታማሚውን ጥያቄ ሜዳ ላይ መተው ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩበት ሄፕጂ2 (በላብራቶሪ የሚያድግ የሰው ጉበት ካንሰር ሴል) ራሱ ይህን ሚውቴሽን ብቻ የተሸከመ ነው፤ ጤነኛው ቅጂ የለውም። እዚያ ውስጥ ስታጠፉት የምታጠፉት የታመመውን ፕሮቲን ነው። ትክክለኛው ንጽጽር 148ኛውን ቦታ ወደ አይሶሉሲን መልሶ ከነባሩ ጋር ማስተያየት ነው። ጂኑ ኤችኤስዲ17ቢ13 ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታወቀው ጉበትን የሚጠብቀው ሚውቴሽን የፕሮቲኑን ሥራ የሚቀንስ ስለሆነ ኖክአውት (ጂኑን ማጥፋት) ለእሱ ይስማማል። ስብ የሚያበዛው የቲኤም6ኤስኤፍ2 ጂን ሚውቴሽንም ሥራ ቀናሽ ስለሆነ እንዲሁ፤ ግን የዚህ ጂን ሥራ ስብን ከጉበት ወደ ደም ማስወጣት ነው፤ ሄፕጂ2 ደግሞ በዚህ በኩል ደካማ ነው።

«ሁለቱም ቅጂዎች ተቆርጠዋል» የሚል ሪፖርትም መቅረት አለበት። ሄፕጂ2 ክሮሞዞሙ 46 አይደለም፤ ከ50 እስከ 60 ይደርሳል። የእናንተ ጂን ስንት ቅጂ እንዳለው አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ጥርት ያለ አንድ ዓይነት ሲኩዌንስ ማየትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ትልቅ ቁራጭ ተነቅሎ የፕራይመሩ ቦታ (ዲኤንኤ አባዡ ፒሲአር የሚነሣበት) አብሮ ከጠፋ ያ ቅጂ በፒሲአር ላይ ጭራሽ አይታይም። የጎደሉት ቤዞች በ3 የሚካፈሉ ከሆነም ፕሮቲኑ ትንሽ አጥሮ ሊቀጥል ይችላል። ፕሮቲኑን ራሱን በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ በሚለይ ምርመራ) እዩት።

ክሎንን (ከአንድ ሴል ብቻ የተራባውን ስብስብ) ካልተነካው እናት ሴል ጋር ማወዳደር የብዙ ወራት ድካም ገደል ይከታል። ከአንድ ሴል የተነሣ ክሎን ጂኑ ባይነካም ከወንድሙ በስብ መጠን ይለያል። ንጽጽሩ ዒላማ የሌለው ጋይድ ገብቶለት በዚያው የአንድ ሴል ማሳደጊያ ሂደት ካለፈ ክሎን ጋር ይሁን። ከሁለት የተለያዩ ጋይዶች ቢያንስ ሦስት ክሎን ያዙ፤ ከዚያ ካስ9 የማይቆርጠውን የጂኑን ቅጂ መልሳችሁ አስገቡ። ለውጡ ካልተመለሰ የጂኑ ሥራ ነው አትበሉ። ሄፕጂ2 እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚያድግ ሴል ስለሆነ ከመነጠላችሁ በፊት በ40 ማይክሮን ወንፊት አሳልፉት፤ አለበለዚያ «ክሎን» ያላችሁት ድብልቅ ነው።

ሴሎቹን ስብ ስትመግቡ የፓልሚቲክ አሲዱን (የስብ አሲድ ነው) ነገር በእርጋታ ያዙት። 100 ሚሊሞላር ፓልሚቴት (የዚሁ አሲድ ጨው) በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ በ70 ዲግሪ ይሟሟ። 0.6 ሚሊ ሊትሩን፣ በ37 ዲግሪ በሞቀና የስብ አሲድ በሌለው 9.4 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ አልቡሚን (ስብ አሲድ ተሸካሚ ፕሮቲን) ላይ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ። 6 ሚሊሞላር ታገኛላችሁ፤ ስብ አሲዱ ለአልቡሚኑ ወደ 4 ለ 1 ነው። አልቡሚኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ወዲያው ይነጣል፤ ያን ማጥለል መፍትሔ አይደለም፤ ወንፊቱ የሚያስቀረው ስቡን ነው። እንደ አዲስ ሥሩ። ፓልሚቴት ብቻውን ሴል ይገድላል፤ ለስብ ክምችት 2 ኦሌት (ሌላ የስብ አሲድ) ለ 1 ፓልሚቴት፣ በድምሩ 0.5 ሚሊሞላር፣ ለ24 ሰዓት በቂ ነው። ኮንትሮሉ ያው አልቡሚን ከነሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ እንጂ ባዶ ሚዲየም አይደለም።

ሴሎቹን ባሉበት ለማጽናት (ፊክስ ለማድረግ) ሜታኖል አትጠቀሙ፤ ስቡን አጥቦ ይወስደዋል። 4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ተጠቀሙ። አንቲቦዲ ወደ ሴሉ ለማስገባትም ትራይተን የተባለው ሽፋን ቀዳጅ ሳሙና የስብ ጠብታዎቹን ያበላሻል፤ 0.1 በመቶ ሳፖኒን ይሻላል፤ ግን ሳፖኒን የከፈተው ቀዳዳ ተመልሶ ስለሚዘጋ እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ ሳፖኒኑ ከፈሳሹ አይለይ።

ኦይል ሬድ ኦ (ስብን የሚቀባ ቀይ ቀለም)፦ 3 እጅ ስቶክ (ያልቀጠነው የቀለም ብጥብጥ) በ2 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይጣራ። ቀለሙ ፕላስቲክም ላይ ስለሚጣበቅ ሴል የሌለበት አንድ ጉድጓድ አብራችሁ ቀብታችሁ ቀንሱት፤ ቀሪውን በዲኤንኤ መጠን አካፍሉ። ኖክአውቱ ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ «ስቡ ቀነሰ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሴሉ ስላነሰ ነው።

ማይኮፕላዝማ (ሴሎችን የሚበክል ባክቴሪያ) በየወሩ ይመርመር።

ሄፕጂ2 ጤነኛ ፒ53 (ዲኤንኤ ሲጎዳ የሴሉን ዕድገት የሚገታ ፕሮቲን) አለው፤ የካስ9 ዲኤንኤ መቁረጥ ያነቃዋል፤ ስለዚህ በፍጥነት ያደገው ክሎን ፒ53ው የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ፒ53ን በሚያነቃው ነትሊን-3 ፈትኑት፤ ማደጉን ካላቆመ ጣሉት።