ለአንድ ቀን በጎ ፈቃድ ስትወጡ የምትጠነቀቋቸው ስህተቶች

ዓመት ሙሉ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ቃል መግባት ለብዙ ሰው ይከብዳል። ግማሽ ቀን ግን አይጠፋም። ብቻችሁንም ሆነ ከነቤተሰባችሁ ስትወጡ ያቺን ግማሽ ቀን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ።

ሳይጠይቁ መሄድ። አንድ ጊዜ አምስት ሆነን ሳንደውል ሄድን። ሥራው ሁለት ሰው የሚበቃው ነበር። አስተባባሪዋ የራሷን ሥራ ትታ ለሦስታችን ሥራ ስትፈልግ አረፈደች። አሁን ቀድሜ እደውላለሁ። ስትደውሉ «ያገኘነውን እንሠራለን» አትበሉ። «ሁለት አዋቂና አንድ የ8 ዓመት ልጅ ነን፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት እንቆያለን» በሏቸው። ያኔ የሚሆናችሁን ሥራ ያዘጋጃሉ።

ተመዝግቦ መቅረት። ለ10 ሰው የታቀደ የማሸግ ሥራ አራት ሰው ላይ ሲወድቅ የመጡት ይደክማሉ፤ ምግቡን የሚጠብቁትም ይጉላላሉ። ካልተመቻችሁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ንገሯቸው።

ቁጥር ማሳደድ። ችግኝ ተከላ ላይ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ችኮላ ሲበዛ ችግኙ ከነፕላስቲኩ ይቀበራል። ላዩን ሲያዩት ያምራል። ሥሩ ግን መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠመዘዛል፤ ችግኙም ይቀጭጫል። ፕላስቲኩን ቅደዱት። አፈሩ እንዳይበተን በሁለት እጃችሁ ደግፋችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡት። ዙሪያውን አፈር መልሱና በደንብ ጠቅጠቅ አድርጉት። ፕላስቲኩን ሰብስባችሁ ውሰዱ። ማን ውሃ እንደሚያጠጣውም ሳትጠይቁ አትሂዱ።

ለአንድ ቀን ሕፃናት ማሳደጊያ ሄዶ መጫወት። ሐሳቡ ከመልካም ልብ ነው የሚነሳው፣ አውቃለሁ። ግን በሕፃኑ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ጠዋት ያቀፈችውን ሴት ከሰዓት «መቼ ትመጪያለሽ?» ይላታል። እሷ አትመለስም። በሳምንቱ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ያም ይሄዳል። ልጅ የሚያስፈልገው ሳይቀያየር አብሮት የሚቆይ ሰው ነው። ከዚህ የባሰም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በማሳደጊያዎች የሚደረግ በጎ ፈቃድ፣ በተለይ ከጉብኝት ጋር ሲያያዝ፣ ለሕፃናት ዝውውርና ብዝበዛ በር ሊከፍት እንደሚችል አሳስቧል። ጎብኚ ገንዘብ ሲያመጣ፣ ወላጅ ያላቸው ልጆች ሳይቀሩ ከቤታቸው ይወሰዳሉ። መርዳት ከፈለጋችሁ ከሕፃናቱ ጋር የማያገናኝ ሥራ ጠይቁ፤ አጥር መቀባት፣ ልብስ ማጠብ፣ መዝገብ ማስተካከል። ወይም ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እንዲኖሩ የሚያግዙ ድርጅቶችን ፈልጉ።

የራስን ልጅ ተመልካች ማድረግ። ልጃችሁ ቆሞ እናንተን ካየ በግማሽ ሰዓት ይሰለቻል። የስድስት ዓመት ልጅ መጻሕፍትን በመጠን መለየት ይችላል። የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ላይ የታተመውን ቀን አንብቦ ጊዜው ያለፈበትን ያወጣል። ሁለት ሰዓት ይበቃቸዋል። እየደከማቸው ባትጎትቷቸው ጥሩ ነው።

ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት። እርዳታ ሊቀበል የተሰለፈ ሰው ፊቱ ስልካችሁ ላይ እንዲቀር አልፈቀደም። ማስታወሻ ካማራችሁ የደረደራችሁትን ካርቶን አንሱ።

ሳይናገሩ ውልቅ ማለት። ሰዓታችሁ ሲሞላ ሥራው ላያልቅ ይችላል፤ ችግር የለውም። የት እንዳቆማችሁ ግን ለሚረከባችሁ ንገሩት። ካርቶኑ ላይ በማርከር «ቀኑ አልታየም» ብሎ መጻፍ እንኳ፣ በማግሥቱ የሚመጣውን ሰው ሁሉንም እንደገና ከመፈተሽ ያድነዋል።