እናንተ ስትሄዱ የምትቀጥል ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትተከላለች?

ምክር ሊጠይቁኝ የሚመጡ ወጣት ወንጌላውያን ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት ስለ አዳራሽ፣ ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ ወንበር ነው። እኔ ቀድሜ የምጠይቃቸው ሌላ ነው። "እናንተ ከዚያ ስትነሡ ሥራውን ማን ይይዛል?" አንዳንዶቹ ይገረማሉ። ገና ሳንጀምር ስለ መነሣት ምን አስወራን ይላሉ። እኔ ግን መወራት ያለበት ያኔ ነው ባይ ነኝ። በወንጌል ሥርጭትና በቤተ ክርስቲያን ተከላ ስሠራ ጸንተው ያየኋቸው አጥቢያዎች፣ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምረው ለአዲስ አማኞች ሥራ የሰጡት ናቸው።

የሐዋርያት ሥራን በዚህ ዓይን አንብቡት። ጳውሎስ በቆሮንቶስ የተቀመጠው አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነው። ረጅም ቆየ በተባለበት በኤፌሶን እንኳ ሦስት ዓመት ነው። በልስጥራን በድንጋይ ወግረው ሞቷል ብለው ከከተማ ውጭ ጥለውት ነበር። እሱ ግን ወደዚያችው ከተማ ተመለሰ። ከበርናባስ ጋር ሆኖ በየቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችን ሾመ (ሐዋ. 14፥23)። በሁለተኛው ጉዞው ደግሞ ጢሞቴዎስን ያገኘው እዚያው አካባቢ ነው። በኋላ ለዚሁ ጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ከእኔ የሰማኸውን ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ፣ እነሱም ሌሎችን ያስተምራሉ አለው (2ኛ ጢሞ. 2፥2)። ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑት ሰዎች፣ ሌሎቹ። በአንድ ቁጥር ውስጥ አራት ትውልድ አለ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ብቻችሁን አትውጡ። ጌታ ሰባዎቹን የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያንም ጾማና ጸልያ የላከችው በርናባስንና ሳውልን ነው፤ ማለትም ካሏት አስተማሪዎች ዋና ዋናዎቹን። ላኪ አጥቢያችሁ "ማን ይተርፈናል?" ብሎ የሚመድብላችሁ ሰው ካለ በትህትና እምቢ በሉ።

ከላኪያችሁ ጋር የምትስማሙትን በጽሑፍ አድርጉት። ድጋፉ እስከ መቼ ነው? ሪፖርት ለማን ይቀርባል? ቤተሰባችሁ ሲታመም ማን ይደርሳል? እናንተ ስታጠፉ ማን ይገሥጻችኋል? አንድ ገጽ ይበቃል። በመንፈሳዊ ሰዎች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ወረቀቱ ያስፈለገው ግንኙነቱ ሳይሻክር እንዲቆይ ነው።

የምትሄዱበት ቦታ ሌሎች ቤተ ክርስቲያናት ካሉ መጀመሪያ ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው። ጳውሎስ በሌላ ሰው መሠረት ላይ እንዳይገነባ ይጠነቀቅ እንደነበር በሮሜ 15፥20 ነግሮናል። ከሌላ አጥቢያ አኩርፎ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ ደስ ብሏችሁ አትመዝግቡት። በመጀመሪያ የነበረበትን አጥቢያ መሪ አነጋግሩ። እንዲህ ባለ ሰው የተሞላ ጉባኤ ቶሎ ያድጋል፤ በወንጌል ግን አንድም ሰው አልተጨመረም።

ምስክርነት

ሰውን ሳትሰሙ አትናገሩ። ጌታ ሳምራዊቷን ሴት ያነጋገራት ውኃ አጠጪኝ ብሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰው በመተዋወቅ አሳልፏቸው። ማን ከማን ጋር ይውላል? ሰው ሲቸገር ማን ጋ ይሄዳል? ምን ያስፈራቸዋል? ማስታወሻ ያዙ፤ በየስማቸውም ጸልዩ።

ከዚያ የራሳችሁን ምስክርነት በሦስት ደቂቃ መናገር ተለማመዱ። በፊት ምን ነበርኩ፣ ክርስቶስን እንዴት አገኘሁት፣ አሁን ምን ተለወጠ። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለማያውቅ ጓደኛ ንገሩትና ያልገባውን ቃል ይንገራችሁ። "ተነካሁ"፣ "ቀንበር ተሰበረልኝ"፣ "በመንፈስ ተያዝኩ" የሚሉት እኛ ውስጥ ያሉ ሰዎች የምንግባባባቸው ናቸው። ውጭ ያለው ሰው አንገቱን ይነቀንቅና ምንም ሳይገባው ይሄዳል። ሌላም በጣም የማየው ነገር አለ። ብዙ ምስክርነት "ሰላም አገኘሁ" ላይ ያበቃል። ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን እንደ ሞተ፣ እንደ ተቀበረና በሦስተኛው ቀን እንደ ተነሣ ካልተነገረ ወንጌል ገና አልተሰበከም (1ኛ ቆሮ. 15፥3-4)።

የሰውን እምነት አታንቋሹ። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልስ ስጡ ሲል በየዋህነትና በአክብሮት ብሎ ነው። የተቸገረን ሰው እርዱት፤ ወንጌልን መቀበልን ወይም ወደ ስብሰባ መምጣትን ግን የእርዳታው ቅድመ ሁኔታ አታድርጉ። ልጆችን ወላጆቻቸው ሳያውቁ አታስተምሩ።

በር ሳይሆን በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው ፈልጉ። በሉቃስ 10 የሰላም ሰው የተባለው ማለት ነው። በፊልጵስዩስ ልድያ እንዲህ ነበረች። ጌታ ልቧን ከፈተላት፣ ከቤተሰቧ ጋር ተጠመቀች፣ ቤቷም የወንድሞች መሰብሰቢያ ሆነ። አንድ ሰው ዘመዶቹንና ጎረቤቶቹን ሰብስቦ "ይህን ነገር እንስማ" ካለ፣ እናንተ አዳራሽ ተከራይታችሁ ከምትጠሩት ይበልጣል።

የቤት ጥናት እንዴት ይመራ

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ መሪዎች የሚወጡት ከዚህ ነውና። ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይብለጥ። ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ ታሪኩም አይቆምም። አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘበትን (4፥35-41)፣ ሁለት ጊዜ ይነበብ። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ያንብብ። ማንበብ የማይችል ካለ እንዳይሸማቀቅ አስቀድማችሁ እወቁ። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋና አንድ ሰው በራሱ አነጋገር ታሪኩን ይንገር፤ ሌሎቹ የረሳውን ይሙሉለት። እንዲህ የነገረው ሰው በማግሥቱ ለጎረቤቱም መንገር ይችላል።

ቀጥሎ አራት ጥያቄ ብቻ። ስለ ጌታ ምን አየን? ስለ ሰው ምን አየን? በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ? ለማን እንንገር? በሚቀጥለው ስትገናኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ባለፈው ያልነው እንዴት ሆነ?" የሚለውን ነው። ይህን ጥያቄ የሚዘል ቡድን በዓመቱ ብዙ ያወቀ ግን ምንም ያልሠራ ይሆናል።

እናንተ ብዙ አትናገሩ። ጥያቄ ሲጠየቅ ፊታቸውን ወደ እናንተ ቢያዞሩም "ጽሑፉ ምን ይላል?" ብላችሁ መልሱት። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሥራ ከፋፍሉ። አንዱ ያነባል፣ አንዷ በጸሎት ትከፍታለች፣ ሌላው የቀሩትን ይጠይቃል። ገና ያልተጠመቀ ሰውም ማንበብና የቀረውን ሰው መጠየቅ ይችላል።

መሪ ማፍራት

ብዙዎቻችን መሪ ስንፈልግ ዓይናችን የሚሄደው አንደበቱ የሚጣፍጥ ሰው ላይ ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ለማስተማር የሚበቃ መሆን አንድ ቃል ነው። የቀረው በአብዛኛው ጠባይ፣ ቤት አስተዳደር፣ ገንዘብና ስም ነው። ስለዚህ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ማን ወንበር እንደሚያነሣ እዩ። የቀረውን ሰው ማን አስታወሰ? ተበድሮ የሚመልስ ማነው? ሲነገረው የማያኮርፍስ? ባለቤቱና ልጆቹ ፊት እንዴት እንደሚናገር ለማየት ቤቱ ሂዱ።

ሥራ ቶሎ ስጡ፣ ሹመት ግን አዘግዩ። ያው ምዕራፍ አዲስ አማኝን ሽማግሌ አታድርጉ ይላል፤ እጅ ለመጫን አትቸኩል የሚለውም እዚያው መልእክት ውስጥ ነው (5፥22)። በሐዋርያት ሥራ 6 ሰባቱ የተመረጡት ማዕድ ለማገልገል ነው። የተፈለገባቸው መልካም ምስክርነት፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ ነበር። ከእነሱ መካከል እስጢፋኖስ የመጀመሪያው ሰማዕት ሆነ። ፊልጶስ ሰማርያን በወንጌል አዳረሰ። ማዕድ ላይ የታመነ ሰው መድረክም ላይ ይታመናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እኔ ስሠራ ታያለህ፤ ቀጥሎ አብረን እንሠራለን፤ ከዚያ አንተ ስትሠራ እኔ አያለሁ፤ በመጨረሻ አንተ ስትሠራ ሌላ ሰው ያይሃል። ብዙ ሰው ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፣ እጁን መሰብሰብ አይችልማ።

አንዲት እህት ጌታ ማዕበሉን ጸጥ ባሰኘበት ክፍል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥናት ስትመራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀች። ጸጥ አለ። እጇ መጽሐፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወደ እኔ ዞር አለች፤ እኔ ዓይኔን ከገጹ አላነሣሁም። ጸጥታው ቀጠለ፣ መልሱን ራሷ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ተወችው። ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ እናት ቀስ ብለው "እሱ ተኝቶ እያለ ነው ለካ እነሱ የፈሩት" አሉ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ራሱ ሄደ።

ሰው ከተበተነ በኋላ "ጋሼ፣ አዋረድኩዎት አይደል?" አለችኝ።

"መጀመሪያ አንቺ ምን እንዳየሽ ንገሪኝ" አልኳት።

"ጸጥ ሲሉ ጨነቀኝ።"

"ጸጥታውን ባትታገሺ ኖሮ እኚያ እናት ይናገሩ ነበር?"

አሰበችና ፈገግ አለች። ለማሻሻል የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲነበብ ፈጠን ብላለችና በሚቀጥለው ረጋ ትበል። ሌላ ያየሁትንም አልነገርኳት። ግምገማ እንዲህ ይሁን። ለብቻ፣ በዚያው ቀን፣ ከራሱ አፍ ይጀምር፤ በስም የተጠራ አንድ መልካም ነገር፣ የሚስተካከል አንድ ነገር። አቂላና ጵርስቅላም አጵሎስን በሕዝብ ፊት አላረሙትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው ነው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል የገለጡለት።

ትምህርት ቤት መላክ ግድ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። የነገረ መለኮት ትምህርት ጥሩ ነው፤ የሚችል ይማር። ግን መሪው ከሥራው ተነቅሎ ከመማሩ በፊት ሥራው ላይ እያለ ይማር። በ1742 በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የሜቶዲስቶች መሪ የጆን ዌስሊ ሰዎች ለመሰብሰቢያ ቤት የነበረባቸውን ዕዳ ለመክፈል አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው ተከፋፈሉ፤ አንዱ እየዞረ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ሰብሳቢዎቹ በየቤቱ ሲገቡ የሰዉን ኑሮ አዩ። ዌስሊ ወዲያው ገባው፤ ሰብሳቢዎቹን የነፍስ ጠባቂዎች አደረጋቸው። አብዛኞቹ ተራ ሠራተኞች ነበሩ። በወላይታም በ1937 በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ በስደት ውስጥ ያለፉ 10,000 ገደማ ምእመናን አገኙ። ያስተማሩት፣ ያጠመቁት፣ የታሰሩትም እነዚያው አዲሶቹ አማኞች ነበሩ።

ገንዘብና ጥንቃቄ

መባ ከመጀመሪያው ሰሞን ጀምሮ ይኑር፣ ትንሽም ቢሆን። ሁልጊዜ ከላኪ የሚመጣ የለመደ አጥቢያ የራሱ አይመስለውም። ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ተካዩ አይቁጠር፤ ቁልፉም እሱ ጋ አይሁን። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞችን አብሮ አሰለፈ (2ኛ ቆሮ. 8፥20-21)። እሱን ማንም በሌብነት አይጠረጥርም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እሱ ራሱ ግን አልተዘናጋም።

ከልጆች ጋር የሚያገለግሉ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ። ምክር ሲሰጥ በር አይዘጋ። በሳምንት አንድ ቀን ከቤተሰባችሁ ጋር ዋሉ፣ ስልኩንም ዝጉት።

ማስረከብ

አንድ መሪ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ። መጀመሪያ አንድ እሁድ ቅሩ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አንድ ወር። በየመሃሉ ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቁ፣ ግን የወሰኑትን አትሻሩ። እናንተ ብትሆኑ በሌላ መንገድ ታደርጉት የነበረውን እነሱ በራሳቸው ቢያደርጉት፣ ከወንጌልና ከጠባይ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ተዉት። ምእመናኑ ችግራቸውን ለእነሱ መንገር ሲጀምሩ ጊዜው ቀርቧል ማለት ነው። ላኪ አጥቢያው መጥቶ በሕዝብ ፊት እጅ ይጫንባቸው። የሒሳቡ መዝገብ፣ የአባላት ስም፣ የኪራይ ውሉ በዚያው ቀን እጃቸው ይግባ። እነሱም አብሯቸው የሚያገለግል አንድ አንድ ሰው ይዘው ይጀምሩ፤ ማን እንደሚሆን ከእነሱ ጋር ተነጋገሩበት።

ከሄዳችሁ በኋላ ስልክ ይደወልላችኋል። "ምን እናድርግ?" ይላሉ። መልሱ አፋችሁ ላይ ቢሆንም "ሽማግሌዎቹ ተሰብስባችሁ ተነጋገራችሁበት?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልተነጋገሩ ተነጋግረው፣ ጸልየው ይደውሉ። ምእመን በቀጥታ ደውሎ ስለ መሪዎቹ ሲያማርር ከሆነ ደግሞ ለእነሱ ነግሮ እንደሆነ ጠይቁትና ወደ እነሱ መልሱት። የሐሰት ትምህርት፣ የጠፋ ገንዘብ ወይም በሰው ላይ የደረሰ በደል ከሆነ ግን በስልክ አትጨርሱት። ለላኪያችሁ አሳውቁና በዚያው ሳምንት ሄዳችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ። በሰው ላይ የተፈጸመው ወንጀል ከሆነም ለሕግ አካል ይነገር፤ በሽማግሌ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።