«ኢቃማዬ አልቋል» የሚል ስልክ ሲመጣ

በባህር ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትሁ ወዲህ ማመልከቻ ሊያጽፉ ከሚመጡት ይልቅ ስልክ ሊያሰሙኝ የሚመጡት እናቶች በዝተዋል። በተለይ ቅዳሜ ለገበያ ከደራና ከወረታ፣ አንዳንዴም በጀልባ ከዘጌ መጥተው፣ ሳዑዲ ያለች ልጃቸው የላከችውን ድምፅ ያሰሙኛል። «እማዬ፣ ኢቃማዬ አልቋል። ብር ካልተላከ ይይዙኛል።» ኢቃማ የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ብዙዎቹ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ላም ሸጠው ወይም ተበድረው «አሳድስላታለሁ» ላለ ደላላ ከፍለዋል። ይህን የምጽፈው ያ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት እንዲነበብ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ሳዑዲ ውስጥ ኢቃማ የሚያድሰው ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው ነው። ልጅቱ የቤት ሠራተኛ ከሆነች አሠሪዋ አብሸር በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት በራሱ ስም ገብቶ፣ ክፍያውን ፈጽሞ ያድሳል። ልጅቱም፣ እናቷም፣ ባህር ዳር የተቀመጠ ደላላም በዚያ በር መግባት አይችሉም። ስለዚህ «ስንት ብር ይበቃል?» ከማለታችሁ በፊት «ነገሩ የቆመው ምን ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ቤይሩት፣ ኩዌትና ዱባይ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ከዚህ በታች ያለው ለሳዑዲ ብቻ ነው።

«ካርዱ አላለቀም፤ ግን አልቋል አሉኝ»

ካርዱና ፈቃዱ አንድ አይደሉም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው የነዋሪነት ካርድ አምስት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ ፈቃዱ ግን በየዓመቱ በኮምፒውተር ላይ ይታደሳል። ካርዱ ቦርሳዋ ውስጥ እንደ አዲስ ሆኖ ሳለ ፈቃዱ ካለቀ ወራት አልፈው ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት የቀን አቆጣጠር ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። «አምና ጥር 20 ታደሰ፣ ዘንድሮም እስከ ጥር 20 ጊዜ አለ» ብሎ የቆጠረ ቤተሰብ፣ ቀኑ በሂጅራ ከተቆረጠ ጥር 9 ገደማ ያልቅበታል። በፈረንጅ የተጻፈውም ያሳስታል። አንዲት የወረታ እናት ልጃቸው በላከችው ፎቶ ላይ ወሩ 09 ተብሎ ሲያዩ «ግንቦት ነው፣ ገና ነው» ብለው ተረጋግተው ነበር። የተጻፈው ሴፕቴምበር ነበር። መስከረም ጠብቶ ፈቃዱ ሲያልቅ እሳቸው ገና ግንቦትን ይጠብቁ ነበር።

መፍትሄው ልጅቱ በራሷ ኢቃማ ቁጥር በወጣ ሲም ካርድ የራሷን አብሸር መክፈቷ ነው። የማብቂያውን ቀን እዚያው ታያለች። ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ፤ እናንተም በእኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ ከቤት ግድግዳ ላይ ጻፉት። ስለ እድሳቱ አሠሪዋን መጠየቅ የምትጀምረው ከዚያ ቀን ሦስት ወር ቀድማ ይሁን።

«ማዳም አታድስልኝም»

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፓስፖርቱ ነው። ፓስፖርቱ ካለፈበት አሠሪው ቢፈልግም ማደስ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ «ክፉ ናት» የተባለችው ማዳም የተቸገረችው በዚሁ ነው። ልጅቱ ፓስፖርቷን የምታሳድሰው በሪያድ ኤምባሲያችን ወይም በጅዳ ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ነው። ቀጠሮና ጥበቃ ስላለው ስድስት ወር ሲቀረው መጀመር አለባት።

አዲሱ ፓስፖርት ሲወጣም ሥራው አላለቀም። የሳዑዲ መዝገብ የሚያውቀው የድሮውን ቁጥር ስለሆነ፣ አሠሪው በአብሸር አዲሱን ቁጥር ማስገባት አለበት። እዚያ «ነቅል መዕሉማት» ይሉታል። ይህን ቃል ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። አዲስ ፓስፖርት ይዛ ሁለት ወር ሙሉ «አይታደስም» የተባለች ልጅ አውቃለሁ፤ የጎደለው ይህ ብቻ ነበር፤ አሠሪው ቁጥሩን ባስገባ ማግስት ታደሰላት።

በዚሁ ላይ የስምና የልደት ነገር አለ። አዲሱ ፓስፖርት ላይ ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ከድሮው በአንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለይ ታስጠንቅቅ። የልደት ዘመን በእኛና በፈረንጅ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለው፤ ከቀበሌ የወጣውን ዓመት ሳይቀይሩ የሞሉ ሰዎች በወረቀት ላይ ሌላ ሰው ሆነው ቀርተዋል።

ፓስፖርቱ ደህና ከሆነ ደግሞ ነገሩ የገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ አሠሪዋ «ራስሽ ክፈይ» ብሏታል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ክፍያው የእሷ አይደለም። የእኛው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የሥራ ፈቃድንና የመኖሪያ ፈቃድን ክፍያ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በኩባንያ ለሚሠሩትም የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 የእድሳቱን ወጪና የመዘግየት ቅጣቱን ጭምር አሠሪው እንዲከፍል ያዛል። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 500፣ ለሁለተኛ ጊዜ 1000 ሪያል ነው፤ ሦስተኛው ከአገር መባረርን ያስከትላል። ስለዚህ በዝምታ መጠበቅም፣ ከዘጌ ቡና ተሸጦ የተገኘን ብር መላክም ሁለቱም ይጎዳሉ።

ልጅቱ በሕጋዊ መንገድ፣ በኤጀንሲ የሄደች ከሆነች ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ (ማለትም አብሮም ብቻውንም የሚጠየቅ) መሆኑን አዋጁ ይናገራል። የባህር ዳር ቤተሰብ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። የውሉን ቅጂ ይዛችሁ ለኤጀንሲው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ግልባጩን ለከተማችሁ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ መልስ ከታጣ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሂዱ። ማመልከቻው ላይ የምጽፈው ስሟን በፓስፖርቱ እንዳለው፣ የፓስፖርትና የኢቃማ ቁጥሯን፣ የአሠሪውን ስምና ያለበትን ከተማ፣ ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ ፈቃዱ ያለቀበትን ቀንና ደመወዝ ያልተከፈለባቸውን ወራት ነው። «ልጄ እየተሰቃየች ነውና ድረሱልኝ» የሚለው ልብ ይነካል፤ ቁጥሩ ከሌለ ግን ጸሐፊው ፋይሉን የት እንደሚፈልግ አያውቅም።

«ቤት መቀየር እፈልጋለሁ»

መጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አንድ ዓመት ከሠሩ በኋላ ያለ አሠሪ ፈቃድ መዛወርን ፈቀደ። ወሬው እዚህም ደርሶ «አሁን ነፃ ሆነዋል» ተባለ። ነገር ግን የቤት ሠራተኞች፣ የቤት ሾፌሮች፣ አትክልተኞችና እረኞች በዚያ ውስጥ አልተካተቱም። ከእኛ አካባቢ የሚሄዱት አብዛኞቹ ደግሞ እነሱው ናቸው። ማሻሻያውን አምና ከቤት የወጣች ልጅ ወዲያው «ጠፊ» ትባላለች።

ለቤት ሠራተኛ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አሠሪዋ ተስማምቶ ሙሳነድ በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የቤት ሠራተኞች የኢንተርኔት አገልግሎት ወደ አዲሱ አሠሪ ሲያዛውራት ነው። ሁለተኛው ያለ አሠሪው ፈቃድ የሚፈቀድበት ምክንያት ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ ደመወዝ ሦስት ወር ሳይከፈላት ሲቀር፣ ኢቃማዋ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ሳይታደስ ሲቀር፣ ያለ ፈቃዷ ለሌላ ሰው ስታገለግል፣ ግፍ ሲፈጸምባት፣ ወይም ጠፋች ተብሎ በሐሰት ሲመዘገብባት። በሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 19911 እዚያው ሆና ደውላ ታመለክታለች። ደመወዝ በባንክ የሚገባላት ከሆነ የባንኩ ዝርዝር ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ በእጅ ከሆነ የተቀበለችበትን ቀን በደብተር ትጻፍ።

«ፍሪ ቪዛ» እያሉ የሚሸጡላችሁን አትስሟቸው። በሳዑዲ ሕግ እንዲህ የሚባል ቪዛ የለም። በአንድ ከፊል ስም ገብቶ ሌላ ቦታ መሥራት ማለት ነው፤ ልጅቱ ስትያዝ ሻጩ ስልኩን ይዘጋል።

«ሁሩብ አለብሽ አሉኝ»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሁሩብ ማለት አሠሪው «ሠራተኛዬ ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘገበው ማስታወቂያ ነው። ካለባት ኢቃማው አይታደስም፣ ሐሰት መሆኑን ካላሳየች በቀር ዝውውር የለም፣ በተያዘች ጊዜም ወደ ማቆያ ትገባለች። አንዳንዷ እዚያው ቤት ልብስ እያጠበች ሳለ ይመዘገብባታል፤ ደመወዝ በጠየቀች ማግስት የሆነባቸውን ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ቀናት ዋጋ አላቸው። በቤቱ ካለች በዚያ ቤት መሆኗን የሚያሳይ ሁሉ ይቀመጥ፤ ከማዳም ጋር የተጻጻፈችው፣ ቀን ያለበት ፎቶ፣ የደመወዝ ዝርዝር። ወደ 19911 ትደውል፤ ኤምባሲውን ወይም ቆንስላውን ታሳውቅ። አሠሪው ከተግባቡ ራሱ ሊሰርዘው ስለሚችል፣ አረብኛ በደንብ የሚናገር ሽማግሌ ፈልጎ ማነጋገር ብዙ ጊዜ ከክስ ይቀድማል። በእውነት ከቤት ወጥታ ከሆነ ግን «ሁሩቡን አስነሣለሁ» ለሚል ደላላ አንድ ሪያል እንዳትሰጥ።

በየመን በኩል የገቡት ልጆች ከመጀመሪያውም ኢቃማ የላቸውም፤ የሚታደስ ነገር የለምና ለእድሳት ተብሎ ገንዘብ አይላክ። መመለስ ለሚፈልግ ፓስፖርት ለሌለው ኤምባሲው ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚያገለግል የመመለሻ ወረቀት) ይሰጣል።

ለእረፍት መጥታ ባህር ዳር ስትቀር

በመውጫና መመለሻ ቪዛ የመጣች ልጅ እናቷ ታምማ፣ ወይም ሠርግ ቆይቶ፣ ቀኑ ሊያልፍባት ይደርሳል። እዚህ ሆና ማራዘም አትችልም፤ አሠሪዋ ግን ሳዑዲ ሆኖ በአብሸር ሊያራዝመው ይችላል፤ ኢቃማዋንም እሷ ውጭ እያለች ማደስ ይችላል። ለዚህ ፓስፖርቷ ያላለፈበት መሆን አለበት። ስለዚህ ቪዛው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ለአሠሪዋ የፓስፖርቷን ፎቶና የምትመለስበትን ቀን ጽፋ ትላክ። በድምፅ ብቻ አትንገረው፤ የተጻፈ ነገር ስልኳ ውስጥ ይኑር። ወደ ገጠር ወርዳ ኔትወርክ ከሌለ ባህር ዳር ያለ ዘመድ ስልኩን ይያዝላት፤ የአሠሪው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማታ ነውና።