የበላነው ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አይገባም

ሥራዬ የሥነ ምግብ ምክር መስጠት ነው። ፊቴ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ «ምን ልብላ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ከምን ጋር ነው የምትበላው? ከበላህ በኋላስ ምን ትጠጣለህ?» ብዬ እጀምራለሁ። ጥሩ ጥሩውን እየበሉ ጥቅሙ የሚያመልጣቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን የምጽፈውም ለእነሱ ነው።

ከካርቦሃይድሬት እንነሳ። ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ውስጥ ያለው ስታርች ሲፈጭ ግሉኮስ ይሆናል። ግሉኮሱ ወደ ደም ይገባል፤ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ወደ ሴሎች እንዲዘልቅ ያደርገዋል። ለጊዜው ያልተፈለገው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ካለፈ ወደ ስብ ይለወጣል። አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ጉልበት 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ «ካርቦሃይድሬት ጨርሳችሁ ተዉ» የሚለው ምክር አይዋጥልኝም። ይልቅ ገለፈቱ ያልወጣለትን እህል ምረጡ። በውስጡ ያለው አሰር (ፋይበር) ስኳሩ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ ቶሎም አያስርብም።

ፕሮቲንን ሰውነት እንዳለ አይወስደውም። አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ቅንጣቶች ይበትነውና በእነሱ ጡንቻ፣ ኢንዛይምና በሽታ ተከላካይ ነገሮችን ይሠራል። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች 9ኙ የግድ ከምግብ መምጣት አለባቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ ዘጠኙንም በበቂ መጠን ይዘዋል። ከዘጠኙ መካከል እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። ሁለቱን ስትበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በአንድ ሳህን ባይገናኙ እንኳ በዚያው ቀን መበላታቸው ይበቃል። ለአንድ ጤነኛ ዐዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም ይሰጣል። ሌላውን ከዚህ ተነስታችሁ አስሉት።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ብረት። ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅን የሚሸከሙት በብረት ነው። ሥጋ ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት በቀላሉ ይቀበለዋል። ምስር፣ ባቄላና ጎመን ውስጥ ያለው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ብዙው ሳይገባ ያልፋል።

ሁልጊዜ ድካም ድካም የሚላት አንዲት ወጣት ነበረች። ምርመራዋ የብረት እጥረት እንዳለባት አሳየ። «ምስር እኮ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም!» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ግን ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ ወፍራም ጥቁር ሻይ ትጠጣ ነበር። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉ ነገሮች ብረቱን ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታል። ሐኪሟ ያዘዘላትን ኪኒን እየወሰደች እኛ ምሳዋን አስተካከልን። ሻዩን ከምግቡ በፊትም በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት አራቅነው። ምስሩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ጥሬ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከጎኑ ይቀርባል። ቫይታሚን ሲ ብረቱን አንጀት ወደሚቀበለው ዓይነት ይለውጠዋልና ሁለቱ በአንድ ማዕድ መገናኘት አለባቸው። ጠዋት ብርቱካን በልቶ ማታ ምስር መብላት ለዚህ አይጠቅምም። ባቄላውንም ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፤ ብረት የሚይዘው ፋይቴት በከፊል ይወጣል።

አደራ፣ ስለደከማችሁ ብቻ የብረት ኪኒን ገዝታችሁ አትዋጡ። ሰውነት ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ደማችሁን ተመርመሩ።

ስብ ስሙ ጠፍቷል። በግራም 9 ካሎሪ ስላለው መጠኑን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን 4 ብቻ ናቸው። ነገር ግን ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በደንብ አይገቡም። ካሮት ስትበሉ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ካሮትን በስሱ ማብሰልም ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በቀላሉ ይለቀቃል።

ቫይታሚን ሲ ግን እሳትም ውሃም አይወድም። አትክልቱን መጀመሪያ እጠቡ፣ ከዚያ ክተፉ፤ ከትፋችሁ አትዘፍዝፉት። በትንሽ ውሃ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ተከድኖ ይብሰል። የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት፤ ሾርባ ይሁን።

ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሳችሁ የማትበሉ ከሆነ ቫይታሚን ቢ 12 ከአትክልት አታገኙም። በፋብሪካ የተጨመረበት ምግብ ወይም ኪኒን ያስፈልጋችኋል። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን የፕሮቲን መጠን ለራሳችሁ አትውሰዱ፤ የእናንተን ልክ የሚወስነው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው።