ዳብል ክሊክ እምቢ ሲል

ለገጠር ሴቶች መሠረታዊ ኮምፒውተር ስናስተምር ትልቁ ማነቆ ኢንተርኔቱ አልነበረም፤ ማውሱ ነው። ፎልደር ለመክፈት ሁለቴ ሲጫኑ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጠቅታ መሀል እጃቸው ትንሽ ይንሸራተታል ወይ ይዘገያል፣ ከዚያ ፎልደሩ በመከፈት ፈንታ ቦታውን ይቀይራል፣ ሴትየዋም "አበላሸሁት መሰለኝ" ብላ እጇን ትሰበስባለች።

"ተለማመዱ" ማለት አላዋጣም። ኮንትሮል ፓነል (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች ያሉበት ቦታ) ገብቼ ማውስ የሚለውን ከፈትኩ። የዳብል ክሊክ ፍጥነቱን ወደ ዝግታው ጫፍ ሳብኩት፣ ማውሱን ተከትላ ስክሪኑ ላይ የምትሄደውን የቀስቷንም ፍጥነት ቀነስኩ፣ ቀስቷን ራሷን ደግሞ አሳደግኳት። ለውጡ ወዲያው ታየ።

በፋይል ኤክስፕሎረር ኦፕሽንስ በኩል በአንድ ጠቅታ እንዲከፈት ማድረግም ይቻላል። እኔ ግን ብዙም አልወደድኩትም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ግራ ይጋባሉ። ከዚያ ይልቅ አንዴ ጠቅ አድርጎ ኪቦርዱ ላይ ያለውን የኢንተር (Enter) ቁልፍ መጫን ይሻላል፣ የትኛውም ዊንዶውስ ላይ ይሠራል።

ለእጅ ማፍታቻ ሶሊቴር ከፈትኩላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የመጣ ጨዋታ ነው፤ ካርታ እየጎተቱ መደርደር ማውስ ያስለምዳል። ችግሩ፣ አንዴ ከጀመሩ ማስነሣቱ ነው የሚከብደው! ብሮውዘር፣ ማለትም ኢንተርኔት መክፈቻውን፣ የከፈትነው ከዚያ በኋላ ነው።